የአያቴ የቃኘው ወረቀት ለምን ደበዘዘ?

አያቴ በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። የምስክር ወረቀታቸውን ለክብር ብለን ሳሎን ውስጥ፣ መስኮት ፊት ለፊት ሰቀልነው። ዛሬ በብዕር የተጻፈው ስማቸው አይነበብም።

ምን ሆነ? ከእንጨት የሚሠራ ርካሽ ወረቀት ሊግኒን አለው፤ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድ ደግሞ የሴሉሎስ ሰንሰለቶችን ስለሚበጣጥስ፣ ወረቀቱ ሲነኩት ይሰባበራል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረርም የቀለሙን ሞለኪውሎች ያፈርሳል። አንዴ የፈረሰ ቀለም አይመለስም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ ስካን አድርጉና ቅጂውን ስቀሉ። ዋናውን ከአሲድ ነፃ በሆነ ፎልደር ጨለማ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ላሚኔት ግን እንዳታስደርጉት፤ ሙቀቱ ይጎዳዋል፣ ፕላስቲኩም በቀላሉ አይላቀቅም። ዘማቾቹ ዛሬ ጥቂት ናቸው፤ ስማቸው ሳይደበዝዝ ዛሬውኑ ጀምሩ።