ስንቅ ሐሙስ ላይ ሲያልቅ

«የሳምንት ምግብዎን እሁድ ያዘጋጁ፤ ጊዜዎን ይቆጥቡ» የሚል ምክር ከተማውን ሞልቶታል። ፍሪጅ ሙሉ፣ በየዕቃው ከፋፍሉ፣ የሰኞውን ከማክሰኞው ለዩ ይላል። ምክሩ ክፉ አይደለም። የሚያስቀው እንደ አዲስ ግኝት መቅረቡ ነው። እስቲ ከደሴ ተነሥታችሁ፣ በጉጉፍቱና በአቀስታ አልፋችሁ መካነ ሰላም ግቡና ለአንዲት የቦረና እናት ይኼንኑ ንገሯት። «ስንቅ ማለታችሁ ነው?» ብላ መልሳ ትጠይቃችኋለች።

አዎ፣ ስንቅ ማለታችን ነው። አማርኛችን ይኼን ቃል ለምግብ ብቻ አልተወውም። ሰው ተስፋም ይሰንቃል፣ ዓላማም ይሰንቃል። ስለ ጦር ስናወራ ደግሞ «ስንቅና ትጥቅ» እንላለን። ልብ በሉ፤ ስንቁ ከትጥቁ ይቀድማል። ቅደም ተከተሉ እንዲያው የመጣ አይመስለኝም።

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችውን መቅደላን ውሰዱ። ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደዚያ አምባ ሲጓዙ፣ ያ ሁሉ ሠራዊታቸው ሟሙቶ ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን ወታደሩ ለዓመታት የገበሬውን ጎተራ እየገለበጠ መኖሩ ነው። ጎተራው የተገለበጠበት ገበሬ ደግሞ ከንጉሡ ጋር አይቆምም። ናፒየር በበኩሉ ከዙላ ወደብ የተነሣው በሺህ በሚቆጠሩ በቅሎዎችና ግመሎች፣ በ44 ዝሆኖች፣ እንዲሁም በማሪያ ትሬዛ ብር ነው። ያላመጣውን እህልና መኖ ከመንገዱ ሕዝብ በብር ገዛ። የንጉሡን ጀግንነት የሚክድ የለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አፋፍ ላይ ያበቃው ነገር ግን በመድፍ ብቻ አልተጀመረም፤ በጎተራም ነው።

ከዚያ ወዲህ 28 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ ስንቅ እንደገና በዚሁ ደጋ ላይ ተሰበሰበ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ የዘመቻውን ዐዋጅ ሲያስነግሩ፣ የሸዋ ጦር እስከ ጥቅምት እኩሌታ እንዲከት የታዘዘው ወረኢሉ ላይ ነበር። ወረኢሉ ከመካነ ሰላም በስተምሥራቅ ናት። እንግዲህ ቁጠሩት። መሰናዶው አንድ ወር፤ ጉዞው እስከ የካቲት። ለሁሉም የሚያበስል የመንግሥት ወጥ ቤት አልነበረም፤ ወታደሩ የሚበላውን ከቤቱ ይዞ ይወጣል።

ወሩን ደግሞ አስቡት። መስከረም አዲሱ እህል ገና ያልታጨደበት፣ ያሮጌው ጎተራ ታች የሚታይበት ጊዜ ነው። ከብቱን የፈጀው ክፉ ቀን ካለፈም ገና ጥቂት ዓመት መሆኑ ነው። በዚያ ላይ በወር ውስጥ የሚቆላው ተቆልቶ፣ የሚፈጨው ተፈጭቶ፣ ስልቻው ሞልቶ መጫን አለበት። ወፍጮው የእጅ ወፍጮ ነው። የፈጩት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ፈጭተው አልቀሩም፤ ድስቱን ተሸክመው አብረው ዘመቱ። የጦር አለቆቹን ስም በቃላችን እንወጣዋለን። የወፍጮዎቹን ባለቤቶች ስም የሚወጣ ካለ ይምጣ።

ወደ መጨረሻው ላይ ነገሩ ሁሉ የሆድ ጉዳይ ሆኖ ነበር። አንድ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሰው ዐድዋ አጠገብ ሰፍሮ የአካባቢውን እህል ጨረሰ። ሳንደብቅ እንናገር፤ ከስንቁ በላይ የበላው የትግራይን ገበሬ ነው። ምኒልክ ስንቅ ስላለቀ ሰፈሩን ለቅቆ መነሣትን እያሰቡ ነበር። ባራቲየሪም የቀረው የጥቂት ቀን ምግብ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ይመለስ ወይስ ይግጠም እያለ ከጄኔራሎቹ ጋር መከረ፤ ከሮም ደግሞ የክሪስፒ ቁጣ ይወርድበታል። ገጠመ። የካቲት 23 የሆነውን ታውቁታላችሁ። ጥቂት ቀን ቢታገሥ ኖሮ እያሉ የሚከራከሩ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ።

ያ ስልቻ ውስጥ የነበረው ታዲያ ምን ነበር? ዛሬም የምናውቀው ነው። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ አስቀድሞ በመብሰሉ እሳት አይፈልግም። ውኃና ጨው ካለ ምሳ ሆነ። ገብስ ደግሞ ጤፍ የማይደፍረውን የወሎ ደጋ ውርጭ ይችላል። ድርቆሽ ፀሐይ ያደረቀው እንጀራ ነው፤ ሻጋታ ውኃ ይፈልጋልና ውኃውን ከወሰዱበት በሦስትና በአራት ቀን የሚበላሸው እንጀራ ወራት ይቆያል። ቋንጣም ያው ነው፤ ጨው፣ በርበሬ፣ ነፋስና ጭስ። ሽሮን ጨምሩበት። አተሩና ባቄላው ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ቅመሙ ገብቶ ተፈጭቶ የተቀመጠ፣ ከውኃና ከዘይት ጋር ሲገናኝ ወዲያው ወጥ የሚሆን ምግብ ነው። የእኛ እናቶች ለሳምንት ሳይሆን ለዓመት ነው የሚያሰናዱት። የሳምንቱን ዝርዝር ደግሞ ጾሙ አውጥቶላቸዋል፤ ረቡዕና ዓርብ ምን እንደሚበላ ማንም ስብሰባ አይጠራም። በዚያው ጎረቤት ያለች ሙስሊም እናትም የረመዳኗን እህል ወሩ ሳይገባ ታሰናዳለች።

የከተማዋ ሠራተኛም ብትሆን ከዚህ መጀመር ትችላለች። አሥራ አራት ዓይነት ምግብ አትዘርዝር። እሁድ አንድ ድስት ቁሌት አብስላ ከፋፍላ ታስቀምጥ፤ ጊዜ የሚበላው ሽንኩርቱ ነው። ምስር ዛሬ፣ ሥጋ ነገ ትጨምርበታለች። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነች ግን ፍሪጁን አትመን፤ ሽሮና ድርቆሽ መብራት አይጠይቁም። ባልየውም ሽንኩርት ቢከትፍ እጁ አይቆረጥም።

በመካነ ሰላም ዙሪያ ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካፌ አለው። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ልጅ ግን ያለው ስንቁ ነው። ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ክፍት በሆነበት ጊዜና ቦታ ግን ልጁ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ በእግሩ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እሁድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ሰኞና ማክሰኞ እንጀራው ደኅና ነው። ረቡዕ መሻገት ይጀምራል። ሐሙስ ያልቃል። ዓርብ ክፍል ውስጥ መቀመጡ ወይም ማለዳ ወደ ቤት መንገድ መጀመሩ የሚወሰነው በዚያች ሐሙስ ነው። የዓርቡን ትምህርት ደጋግሞ ያጣ ልጅ ፈተና ላይ ምን እንደሚሆን መምህራኑ ያውቁታል።

ሒሳቡን እናትየዋም ታውቀዋለች። ስለዚህ እሁድ ስትሰንቅለት እንጀራውን ከላይ ታደርግና በሶውን፣ ቋጥራ፣ ከታች ትከተዋለች፤ ከሐሙስ በፊት እጁ እንዳይደርስበት።