በግእዝ የሚቀድሱ ካቶሊኮች

በየካቲት 1626 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዐፄ ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ፊት ተንበርክከው ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለመታዘዝ ማሉ። መኳንንቱና ካህናቱም ተከትለው ማሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ካቶሊክነት የቤተ መንግሥት ትእዛዝ ሆነ። ከስድስት ዓመት ግን ብዙም አላለፈም።

ፖርቱጋላዊው ሜንዴስ ይዘው የመጡት ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ካህናቱ እንደገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ እንደገና ይባረኩ አሉ። የቅዳሜ ሰንበት ተከለከለ፤ ግዝረት ተወገዘ፤ ጾሙና በዓሉ ወደ ሮማ አቆጣጠር እንዲዞር ታዘዘ። ገበሬው ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚካሄደውን ክርክር ባይከታተል እንኳ ሰንበቱ ሲሻርበት፣ አባቱ የተጠመቀበት ጥምቀት እንዳልነበረ ሲቆጠርበት ግን ገባው። ከሜንዴስ በፊት የነበሩት ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እንዲህ አይቸኩሉም ነበር። ከ1603 ጀምሮ አገሩን እያጠኑ፣ በአማርኛና በግእዝ እየተነጋገሩ በትዕግሥት ኖረው በ1622 ዐረፉ። በእሳቸው ቦታ የመጡት ሰው ትዕግሥታቸውን አልወረሱም።

አገሩ በአመፅ ታመሰ። በ1632 ንጉሡ የላስታን አማፅያን ድል ቢነሡም ሜዳው ላይ የወደቀው በሺህ የሚቆጠር ገበሬ የገዛ ሕዝባቸው ነበር። በዚያው ዓመት ለልጃቸው ለፋሲለደስ ዙፋኑን ለቀቁ፤ የአባቶች ሃይማኖት በዐዋጅ ተመለሰ፤ የፓኤዝና የሜንዴስ ማኅበር አባላት የሆኑት ኢየሱሳውያንም ኋላ ተባረሩ። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ካቶሊክ የሚለው ስም በደጋው አገር ጥርጣሬና ቂም ሲቀሰቅስ ኖረ።

ይህን ሁሉ ታሪክ የተሸከመ አገር ውስጥ በ1839 አንድ ጣሊያናዊ ካህን ዓድዋ ገቡ። የላዛሪስት ማኅበር አባል የሆኑት ዩስጢኖስ ደ ያዕቆብ በ1800 በደቡብ ጣሊያን ሳን ፌሌ በምትባል ከተማ የተወለዱ ናቸው። ወታደርም ዐዋጅም አልነበራቸውም። እንደ አገሩ መነኩሴ ለብሰው፣ እንጀራ እየበሉ፣ አማርኛ፣ ትግርኛና ግእዝ ይማሩ ጀመር። ዋናው ውሳኔያቸው ግን ከልብስና ከምግብ የጠለቀ ነበር፤ ካቶሊክ የሚሆነው ኢትዮጵያዊ ቅዳሴውን በግእዝ ይቀጥል፣ ካህኑም ከዚያው ሥርዓት ውስጥ ይገኝ አሉ። ሜንዴስ ያፈረሱትን ሥርዓት እሳቸው የእምነቱ ቤት አደረጉት። ከ1632 ጥፋት ትክክለኛውን ትምህርት የወሰደ የመጀመሪያው ሚስዮናዊ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

በ1841 የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ አዲስ አቡን ለማስመጣት ወደ ግብፅ መልእክተኞች ሲልኩ አባ ያዕቆብም አብረው ሄዱ። ከመልእክተኞቹ መካከል በጎጃም መርጡለ ማርያም የመነኮሱት አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። አንድ ዐይናቸው የጠፋ፣ መጻሕፍት ፍለጋ ገዳም ለገዳም የዞሩ፣ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በሚደረገው የጎንደር የቅባትና የተዋሕዶ ሙግት መካከል እውነቱን ሲጠይቁ የኖሩ ሊቅ ናቸው። ጉዞው ከካይሮ አልፎ ሮማና ኢየሩሳሌም ድረስ ዘለቀ። እኚህ ሊቅ ካቶሊክ የሆኑት በሮማ ግርማ ተደንቀው ወዲያው አይደለም፤ ተመልሰው፣ መርምረውና ተከራክረው በ1844 ነው። ከዚያ በኋላ ከአባ ያዕቆብ ጋር ተቀምጠው የሃይማኖት ትምህርት በአማርኛ እንዲዘጋጅ ደከሙ፤ በ1851 ስልሳ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ቅስና ተቀበሉ። ሐሳቡ የመጣው ከጣሊያናዊው ካህን ቢሆንም፣ ለአገሩ አፍና ልብ ያቀረቡት የመርጡለ ማርያሙ መነኩሴ ናቸው።

በዚያው ጉዞ ከግብፅ የመጡት አቡነ ሰላማ ካቶሊኮችን አጥብቀው ተቃወሙ። ከደጃች ካሣ፣ ከኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጋር በተስማሙ ጊዜ ስደቱ በረታ። አባ ያዕቆብ ከወራት እስር በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሰንሰለት ታስረው፣ ተገርፈው፣ ከዘማቹ ጦር ጋር እየተጎተቱ በ1855 ዐረፉ። ሮማ በ1926 ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። አባ ያዕቆብ በ1849 ምፅዋ ላይ በሌሊት በአባ መሣይ እጅ ጵጵስና ተቀብለው ነበር፤ በ1860 ወደ ሐላይ ሲጓዙ በበረሃ ዐረፉና ሄቦ ተቀበሩ። በ1975 ቅድስናቸው ታወጀ።

ጵጵስናውን የሰጡት አባ መሣይ፣ ማለትም ጉሊየልሞ ማሳያ፣ በሌላ መንገድ ሄደው በኦሮሞ ምድርና በከፋ ያስተማሩ፣ የፈንጣጣ ክትባት የሰጡ፣ ኋላም በሸዋ ከንጉሥ ምኒልክ ዘንድ የኖሩ ናቸው። በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። የግእዝ ቅዳሴ ሥር ባልሰደደበት በደቡቡና በምዕራቡ የላቲን ሥርዓት ተተከለ። ዛሬም ዓዲግራትና እምድብር በግእዝ ሥርዓት ሲቀድሱ ሆሳዕናና ሶዶ በላቲን ሥርዓት ይቀድሳሉ። አንድ እምነት ሁለት ልብስ ለብሶ ይኖራል፤ ይህም ሀብት እንጂ ጉድለት አይደለም።

የፋሺስት ወረራ ለካቶሊኩ ሌላ ፈተና ነበር። ወራሪው ካቶሊክ ነኝ ይል ስለነበር አገር ወዳድ የሆነው ካቶሊክ በሁለት በኩል ተጠረጠረ። ከነጻነት በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1945 የካናዳ ኢየሱሳውያንን ወደ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲጠሩ የድሮው ቁስል ፈጽሞ አልተረሳም ነበር። ኢየሱሳውያኑ የካህን ልብሳቸውን ትተው ኮትና ከረባት አድርገው፣ ሃይማኖት ላይሰብኩ ተስማምተው ገቡ። ከእነሱ አንዱ ዶክተር ሉሲየን ማት በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን ማደራጀት ጀመሩ፤ ብዙ የአገሪቱ ምሁር በዚያ በር አለፈ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እንኳ የሜንዴስ ችኮላ የሰውን ልብስ ሲወስን ማየት ያሳዝናል።

በ1961 አዲስ አበባ በግእዝ ሥርዓት የሊቀ ጳጳስ መንበር ሆነች፤ መንበሩንም አቡነ አሥራተ ማርያም የምሩ ያዙ። በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወቅት፣ በ1962፣ የግእዝ ቅዳሴ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ውስጥ ከበሮ እየተመታ ተቀደሰ። ዩስጢኖስ በዓድዋ የጀመሩት ነገር በሮማ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ፊት ደረሰ። በደርግ ዘመን ትምህርት ቤቶች ተወረሱ፤ ካህናት ታሰሩ። ከታሳሪዎቹ አንዱ የዩስጢኖስ ማኅበር አባል የሆኑት አባ ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ሲሆኑ በ2015 ካርዲናል ሆነዋል።

የ2007ቱ ሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮችን ከአገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ያደርጋቸዋል። ከዚህ ትንሽ ማኅበር ታሪክ ብዙ የሚማር አለ፤ ከሁሉ በፊት ግን የአባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ይጠና። ሊቁን ያሳደጋቸው የኦርቶዶክስ ገዳም ነው፤ የተቀበለቻቸው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ታሪካቸውም የሁለቱም ነው። የመርጡለ ማርያም ተማሪም ሆነ የዓዲግራት ደቀ መዝሙር አንድ መጽሐፍ ዘርግቶ አብሮ ታሪካቸውን ያንብብ።