ክንድ ጥምዘዛ፦ ከጭኖ መያዝ የሚወለድ ማሸነፊያ

ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካንን መሥርቶ ከቀደምት የጁጁትሱ ስልቶች ያደራጀው ጁዶ ተጋጣሚን አንሥቶ በመጣል ብቻ አያበቃም፤ ትግሉ ወደ ምድር ሲወርድ ኦሳኤኮሚ፣ ሺሜ እና ካንሴትሱ የሚባሉ ሦስት የስልት ዘርፎች ይከተላሉ። የመጀመሪያው ተጋጣሚን በጀርባው አስተኝቶ በሰውነት ክብደት መቆጣጠር ስለሆነ እዚህ «ጭኖ መያዝ» ተብሏል፤ ሁለተኛው አንገትን ማነቅ ነው፤ ሦስተኛው መገጣጠሚያን ከተፈጥሯዊ ወሰኑ አልፎ እንዲሄድ ማስገደድ በመሆኑ «መገጣጠሚያ ቆለፋ» ሊባል ይችላል። ከቆለፋዎቹ አንዱ ኡዴ ጋራሚ ነው። «ኡዴ» ክንድ፣ «ጋራሚ» ደግሞ መጠላለፍ ማለት ቢሆንም፣ «ጥልፍ» በአማርኛ እግርን ጠልፎ ለመጣል የተያዘ ቃል ስለሆነ፣ በክንዱ ላይ የሚደርሰውን የሚናገረው «ክንድ ጥምዘዛ» የተሻለ አቻ ነው።

ጥምዘዛው ራሱን የቻለ ጥቃት ሳይሆን የጭኖ መያዙ ፍሬ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከላይ ያለው ታጋይ ደረቱን በተጋጣሚው ደረት ላይ አጋድሞ ሲጫን፣ ከታች ያለው ትንፋሹ ስለሚያጥረው ለማምለጥ አንገቱን ወይም ዳሌውን በእጁ ይገፋል፤ በዚህም ከጎድኑ ጋር ተጣብቆ የተጠበቀው ክርን ይለቅና ክንዱ ለጥቃት ይጋለጣል። እጁ ወደ ጭንቅላቱ አቅጣጫ ከወጣ፣ የላይኛው ታጋይ የእጁን አንጓ ይዞ ምድር ላይ ያጣብቀዋል፤ ሌላ እጁን ከተጋጣሚው ክንድ ሥር አሾልኮ የራሱን አንጓ ይጨብጣል፤ ከዚያም የተያዘውን አንጓ በምድር ላይ እየጎተተ ወደ ዳሌ ሲያወርድ ክርኑን ቀስ ብሎ ያነሣል። እጁ ወደ እግር አቅጣጫ ከወረደ ግን መጠምዘዙ በተቃራኒው ይሆንና አንጓው ወደ ጀርባ ይዞራል። በሁለቱም ክርኑ እንደታጠፈ ስለሚቆይ ጫናው እስከ ትከሻ ይዘልቃል።

የሽግግሩ አስቸጋሪ ነጥብ ክብደት ነው። ክንዱን ለመያዝ የቸኮለ ታጋይ ደረቱን ካነሣ መያዣውንም ክንዱንም ያጣል፤ ስለዚህ እጆች ሲሠሩ ደረት ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም። በጁዶ ውድድር ተጋጣሚን 20 ሰከንድ ጭኖ መያዝ ብቻውን ስለሚያሸንፍ ታጋዩ ወደ ጥምዘዛ ላይሻገር ይችላል። በብራዚል ጁጂትሱ ግን ጭኖ መያዝ ብቻውን ግጥሚያውን አይጨርስምና ሽግግሩ የትምህርቱ ዋና አካል ሆኗል።

ስልቱን በብራዚል ያስታወቀው ማሳሂኮ ኪሙራ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1951 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ በማራካና ስታዲየም ከብራዚላዊው የጁጂትሱ ታጋይ ከኤሊዮ ግሬሲ ጋር ሲገጥም፣ ይህ ጃፓናዊ የጁዶ ሻምፒዮን ተጋጣሚውን ከጣለ በኋላ ምድር ላይ ተጭኖ ይዞ የግራ ክንዱን ጠመዘዘ። ኤሊዮ ግን እጅ አልሰጠም፤ ግጥሚያው ያበቃው ወንድሙ ካርሎስ ሽንፈቱን ተቀብሎ ጨዋታው እንዲቆም ሲያደርግ ነበር። ብራዚላውያን ከዚያ ወዲህ እጅ ወደ ጀርባ የሚዞርበትን ዓይነት በአሸናፊው ስም «ኪሙራ» ብለው ይጠሩታል፤ ተሸናፊዎች ያሸነፋቸውን ሰው ስም ለስልቱ መስጠታቸው ከፍ ያለ አክብሮት ነው።

በልምምድ ጊዜ የተያዘው ሰው ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መታ መታ በማድረግ፣ እጆቹ ከተያዙም በእግሩ ወይም በድምፅ፣ መሸነፉን ያሳውቃል። መገጣጠሚያው እንዳይጎዳ ጥምዘዛው በዝግታ መጨመር አለበት፤ ደረቱን ሳያነሣ የሠራ ታጋይ ክንዱን ወዲያው ቢለቅ እንኳ የመጀመሪያው መያዣ ከእጁ አይወጣምና የሚያስቸኩለው ምክንያት የለም።