ክትባትና በሽታ በሚዛን

«ክትባቱ ራሱ ልጄን ቢጎዳብኝስ?» የሚለውን ጥያቄ ከተማሩ ወላጆች አፍ ደጋግሜ እሰማዋለሁ፡፡ ጤነኛ ሕፃን መርፌ ሲወጋ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ እኔም እንደ ወላጅ ጠይቄዋለሁ፡፡ መልሱ ግን «ክትባት ምንም ጉዳት የለውም» ሊሆን አይችልም፤ ጉዳት የሌለው መድኃኒት የለምና፡፡ በሚዛኑ በአንደኛው ወገን ክትባቱን ስናስቀምጥ በሌላው ወገን በሽታውን ማስቀመጥ አለብን፡፡

ኩፍኝን በምሳሌነት እንውሰድ፡፡ ከክትባቱ በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አንዳንድ ሕፃናት ላይ ትኩሳትና ቀላል ሽፍታ ሊታይ ይችላል፡፡ ኩፍኝን፣ ጆሮ ደግፍንና ሩቤላን በአንድነት በሚከላከለው ክትባት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ3,000 እስከ 4,000 ከሚሆኑ ሕፃናት አንዱ ከትኩሳቱ የተነሳ መንቀጥቀጥ ያጋጥመዋል፡፡ ይህ ወላጅን ክፉኛ የሚያስደነግጥ ቢሆንም በአብዛኛው ዘላቂ ጉዳት ሳይተው ያልፋል፡፡ ድንገተኛ ከባድ አለርጂ የሚታየው ከሚሊዮን በአንድ ገደማ ነው፡፡

ወደ በሽታው ስንመጣ፣ በኩፍኝ ከተያዙ 1,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ የአንጎል መቆጣት ይደርስበታል፡፡ ባደጉት አገሮች እንኳ ከ1,000 ታማሚዎች ከአንድ እስከ ሦስት የሚሆኑት ይሞታሉ፡፡ የምግብ እጥረትና የቫይታሚን ኤ ማነስ ባለበት አካባቢ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ከሞት የተረፈውም የዓይን ብርሃኑን ሊያጣ ይችላል፡፡

ክትባት የከሸፈበት ጊዜም አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የተፈቀደው «ሮታሺልድ» የተሰኘ የተቅማጥ መከላከያ ክትባት ከ10,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ላይ አንጀት እርስ በርሱ እንዲሸጎጥ ማድረጉ በመታወቁ በ1999 ከገበያ ወጥቷል፡፡ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 መስጠት የጀመረችው የሮታ ክትባት ከዚህ የተለየ ነው፡፡ ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካ አገሮች ተካሂዶ በ2018 የታተመ ጥናትም በዚህኛው ክትባት ሳቢያ ችግሩ መጨመሩን አላገኘም፡፡

«ክትባት ኦቲዝም ያመጣል» የሚለው ወሬ ግን ምርመራውን አላለፈም፡፡ ምንጩ እ.ኤ.አ. በ1998 «ላንሴት» በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ 12 ሕፃናትን ብቻ የተመለከተ ጽሑፍ ሲሆን መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል፡፡ በዴንማርክ ከ650,000 በላይ ሕፃናትን ተከታትሎ በ2019 የወጣ ጥናት በኩፍኝ ክትባትና በኦቲዝም መካከል ግንኙነት አላገኘም፡፡

ክትባትን መተውም የራሱ ዋጋ አለው፡፡ በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው ሳሞአ እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ሕፃናት ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ወዲያው ሞቱ፡፡ ምክንያቱ ነርሶች የክትባቱን ዱቄት በውኃ ፋንታ ጡንቻን በሚያዝል መድኃኒት መበጥበጣቸው ነበር፡፡ ክትባቱ ለወራት ታገደ፤ ወላጆችም ሸሹ፡፡ በ2019 ኩፍኝ ሲገባ 200,000 ያህል ሕዝብ ባላት በዚያች አገር 83 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ፡፡

«ሌሎቹ ከተከተቡ የእኔ ልጅ ባይከተብ ምን አለበት?» የሚለው ስሌት በእኛ አገር አያዋጣም፡፡ ኩፍኝ እንዳይዛመት ከ100 ሰዎች 95ቱ ገደማ መከላከያ ሊኖራቸው ይገባል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ያሟሉት 43 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡

በእኔ እምነት ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ግልጽ ነው፡፡ ለወላጅ የሚቀረው ትንሹን አደጋ ይበልጥ ማሳነስ ነው፡፡ ልጁ ቀደም ሲል በክትባት ከባድ አለርጂ ከታየበት፣ ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ሕመም ካለበት ወይም እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አስቀድሞ ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል፡፡ በጠና ከታመመ ቀጠሮው ጥቂት ሊገፋ ይችላል፤ ጉንፋንና ቀላል ተቅማጥ ግን ከክትባት አያስቀሩም፡፡ ከተከተበ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ እዚያው መቆየት፣ ቤት ከገባ በኋላም መተንፈስ ካቃተው፣ ፊቱ ካበጠ ወይም ካንቀጠቀጠው ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል፡፡ የኩፍኝ ክትባት በዘጠነኛውና በ15ኛው ወር ይሰጣል፡፡ ሁለተኛው በቀላሉ የሚዘነጋ በመሆኑ የክትባት ካርዱን አውጥቶ ቀጠሮውን ማረጋገጥ ይበጃል፡፡