የካፋ ውሃና የካምቢዮ ዘይት

ስለ ካፋ የሚጻፈው ታሪክ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ቡናውና ስለ ጫካው ብዙ ይላል። ቡናውን የጫኑት መኪኖች ከጭቃው እንዲወጡ ከሥራቸው በጀርባቸው ተኝተው ስለኖሩት ሰዎች ግን ዝም ይላል። እኔ ቦንጋ ላይ በጋራዥ ሥራ ያረጀሁ መካኒክ ነኝና ይህ ዝምታ ይቆጨኛል። ብዙ መካኒክ ስለ ሞተር ማውራት ይወዳል። የእኔ ነገር ማርሽ የሚቀየርበት ካምቢዮና ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ነው። ምክንያቱም በአገራችን መኪና የሚገድለው ውሃ ነው፤ ውሃው ደግሞ የሚገባው ከታች፣ ማንም ከማያየው ቦታ ነው።

ከመኪና በፊት የነበረው ሲራራ ነጋዴ ነው። ዝባድ፣ ማር፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና፣ ሳይደበቅ ይነገር እንጂ ባሪያም ጭምር፣ ከቦንጋ በጎጀብ በኩል ወደ ሰሜን ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የመጨረሻውን የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ሲማርክ የገባውም በእግርና በበቅሎ ነው። ኦስትሪያዊው ፍሬድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 ካፋን ሊያጠና ሲመጣ ያው በቅሎ ነበረው። አጤ ምኒልክ ከእንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ መኪና የተረከቡት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቢሆንም፣ ያ መኪና ለካፋ ወሬ ብቻ ነበር። ሲራራ ነጋዴ ማታ ሲሰፍር ራሱ እህል ከመቅመሱ በፊት የበቅሎውን ጀርባ ገልጦ ቁስል እንዳለ ያያል። የጥንቶቹ ሾፌሮች የዲፈረንሻል ዘይት የሚያዩበት ልማድ ይህንኑ የሚመስል ነበር።

ሞተርና መንገድ ወደ እኛ አብረው የመጡት ከጣሊያን ጋር ነው። ጣሊያኖች የደቡብ ምዕራብ አስተዳደራቸውን መቀመጫ ጅማ ላይ አደረጉ፤ ፊያት 634 እና ላንቻ ሮ የሚባሉትን ከባድ መኪኖችም ይዘው መጡ። በ1933 ዓ.ም. ጦራቸው ተሸንፎ ሲወጣ መኪኖቹ ቀሩ፤ ከመካኒኮቹም የቀሩ ነበሩ። ልጆቻችን መፍቻ አቀባይ ሆነው ገቡና ሙያውን ከነስሙ ወሰዱት። እኔን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ጅማ ላይ ከአንድ ጣሊያናዊ ጋራዥ የወጡ ናቸው። ጋሼ እንላቸው ነበር። ለጋዜጣ የሚበቃ ታሪክ አልነበራቸውም፤ የሚያውቁትን ግን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ጥቂት ቆይቶ፣ በ1946 ዓ.ም. ገደማ፣ የብራዚልን ቡና ውርጭ መታውና የዓለም የቡና ዋጋ ናረ፤ ቡናችንም የሚወጣው በጅማ መንገድ ነበር። የዚያን ጊዜው የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጅማ ነበረች፤ ከጅማ ቦንጋ ድረስ ያለው መንገድ ደግሞ 110 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ርቀቱ ትንሽ ነው። መከራው ግን ጎጀብ ላይ ነው። ከደጋው ተነስቶ ወደ ሞቃቱ ሸለቆ ይወረዳል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ቦንጋ ይወጣል። ቡና የጫነ ሾፌር ፍሬኑን እንዳያቃጥል ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይዞ ይወርዳል። ያን ጊዜ የሚግለው ካምቢዮው ነው። ዳገቱን ሲወጣ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ይግላል።

ላንድሮቨር ሲመጣ ለዚህ አገር የተሠራ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዝ ውስጥ የተጀመረው ይህ መኪና፣ ከሞተሩ ሌላ ኃይል በሚተላለፍበት መስመር ላይ ዘይት የሚቀዳባቸው ስድስት ቦታዎች አሉት። ካምቢዮው፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል፣ በፊት እግሮቹ መታጠፊያ ላይ ያሉት ሁለት ኳሶች። ባለቤቱ ሞተሩን ብቻ አይቶ ከሄደ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ቦታ ላይ ይቀጣል።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ። ቦንጋ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። ድልድይ ባልነበረበት ጊዜ ወደ ዴቻ፣ ወደ ጨና፣ ወደ አዲዮ የሚሄድ መኪና ወንዝ ውስጥ ይገባል። ዳገት ሲገፋ የቆየ ዲፈረንሻል እጅ የሚያቃጥል ሙቀት አለው። ያ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ባንዴ ይጨማደዳል፤ አየሩ ሲያንስ ከውጭ ይስባል፤ የሚስበው በመተንፈሻው ቀዳዳና ዘይት በሚያግደው የደከመ ኦይል ሲል በኩል ሲሆን፣ የሚያገኘውም ውሃ ነው። ሾፌሩ ምንም አይሰማውም። መኪናው ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ኩሽኔታው ማፏጨት ሲጀምር ጥርሱ ዝጎ ተበልቷል። ለዚህ ነው ጋሼ ከወንዝ የመጣን መኪና ቡና ሳይጠጡ የሚያዩት።

አሠራራቸውን እንዳየሁት ልጻፈው፤ ሌላ የጻፈው የለምና። መጀመሪያ ሜዳ ይፈልጋሉ። ቦንጋ ላይ ሜዳ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ መኪናው ካዘመመ ግን የዘይቱ ልክ ይዋሻል። መኪናውን ትንሽ ነድተው ዘይቱን ያሞቃሉ፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ከዚያ የሚናገሩት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ልጄ፣ መጀመሪያ የመሙያውን ፍታ።» የማፍሰሻውን ብሎን ቀድሞ የፈታ ሰው፣ የመሙያው ዝጎ እምቢ ቢለው፣ ባዶ ዲፈረንሻል ታቅፎ ጫካ መሃል ይቀራል። መሙያው ሲላላላቸው ነው ወደ ማፍሰሻው የሚሄዱት። የፈሰሰውን በጣታቸው ያሹታል። ጠቆር ብሎ ለስላሳ ከሆነ ዕድሜው ነው። ነጣ ብሎ ከደፈረሰ ውሃ ነው። የሚያብለጨልጭ ነገር ካለው ብረት ነው፤ ማፍሰሻው ማግኔት ካለው ማግኔቱ ላይ የተሰበሰበውን ጠርገው መጠኑን ያያሉ። ዱቄት አያስፈራቸውም። ስንጥር ካዩ መኪናው አይሄድም፣ ቡናው ይበስብስ እንጂ አይሄድም። አዲሱን ዘይት የሚሞሉት ከመሙያው አፍ ሞልቶ መፍሰስ እስኪጀምር ነው።

በደርግ ዘመን ነዳጅ በኩፖን ሆነ፤ ዘይትም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ያን ጊዜ የወጣውን ዘይት በርሜል ውስጥ አስቀምጠን እናዘቅጠዋለን፣ ከሥሩ ውሃውን እናፈሳለን፣ የላዩን በጨርቅ አጥልለን ወደ መኪናው እንመልሳለን። ከዘይቱ ጋር ተመትቶ የተዋሃደው ውሃ ግን እንዲህ አይለይም። በዚህ ያለቁ ጥርሶችን አይቻለሁ። ዋዝም ሆነ ኤንትሬ፣ ያን ዘመን በዚያ ዘይት ያለፈ መኪና ሁሉ ዋጋውን ከፍሏል።

ዛሬ ዘይቱ ሞልቷል፤ ችግሩ የትኛው የሚለው ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1926 የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ ሃይፖይድ የሚባለውን የዲፈረንሻል ጥርስ በመኪና ላይ አዋለ። የዚህ ጥርስ ፊቶች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ በከባድ ጫና ይፋጫሉ፤ ስለዚህ ሰልፈርና ፎስፈረስ የበዛበት ዘይት ይፈልጋል። ጣሳው ላይ ጂ ኤል 5 ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው። ያው ዘይት ግን ነሐስ ቀለበት ባለው ካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ቀለበቱን ሊበላው ይችላል፤ ለብዙዎቹ ካምቢዮዎች የሚስማማው ጂ ኤል 4 ነው። ወጣቶቹ ከአንድ ጣሳ ለሁለቱም ይቀዳሉ። በቁጥሩ ዘጠና ወይም መቶ አርባ መሆኑን ብቻ ያያሉ፤ ያ ውፍረቱ እንጂ ዓይነቱ አይደለም። በአውሮፓ በእጅ ማርሽ የሚሠራ የስፖርት መኪና ያላቸው ሰዎች በውድድር ሜዳ ዘይቱ ስለሚግል ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ፤ እነሱም የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሉን ለይተው ይገዛሉ። የዶልፊን ሚኒባስና የአይሱዙ ባለቤትም ይህንኑ ማወቅ ይገባዋል።

አስፋልቱ ከጅማ ተነስቶ ቦንጋንና ሚዛንን ካገናኘ ወዲህ ወንዝ የሚሻገር መኪና አንሷል። በ2014 ዓ.ም. ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች በኋላ መኪናውም ጋራዡም በዛ። ከዋናው መንገድ ወጣ ሲባል ግን ጭቃውም ወንዙም እዚያው ነው፤ ስለዚህ ከወንዝ በኋላ ዘይቱን የማየት ልማድ ጊዜው አላለፈበትም።

ሌላም አንድ ነገር አለ። ድሮ የተቃጠለ ዘይት አይጣልም ነበር፤ የቤት ምሰሶ ምስጥ እንዳይበላው ይቀባበታል፤ የሚወጣውም ጥቂት ነበር። ዛሬ ከየጋራዡ የሚወጣው ብዙ ነው፤ ሲደፋም ቁልቁል ወደ ጅረት ይወርዳል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የካፋን ጫካ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ከዚህ ጫካ የሚወጣውን ምንጭ የምንጠጣው እኛው ነን። የሙያ ልጆቼ፣ በርሜል አስቀምጡ፤ ከካምቢዮና ከዲፈረንሻል ያወጣችሁትን በርሜሉ ውስጥ ገልብጡ እንጂ መሬት ላይ አትድፉ። ከተማ አስተዳደሩም በርሜሉን የሚሰበስብ ሰው ይመድብ።