ጨውን የሚያስቀረው ስስ ገለፈት

የባሕር ውሃ ጥም አይቆርጥም፤ ይልቁንም ያባብሳል። ከባሕር ዳር ተቀምጦ በውሃ ጥም መቸገር ለብዙ ዘመናት የወደብ ከተሞች ዕጣ ነበር። ዛሬ ግን በጅዳና በሌሎች የዓረብ አገር ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ከቧንቧ የሚቀዱት ውሃ አብዛኛው ከባሕር የመጣ ነው። ከፊሉን የሚያጣራው ሜምብሬን የሚባል ስስ ገለፈት ነው። ለመሆኑ፣ ውድ አንባብያን፣ ይህ ገለፈት እዚህ ደረጃ እንዴት ደረሰ?

እ.ኤ.አ. በ1748 ፈረንሳዊው ዣን አንትዋን ኖሌ አልኮል የሞላበትን ዕቃ አፉን በእንስሳ ፊኛ ወጥሮ ውሃ ውስጥ ቢያጠልቀው፣ ውሃው በፊኛው አልፎ ስለ ገባ ፊኛው ተነፋ። እንዲሁም በአንድ በኩል ንጹሕ፣ በሌላ በኩል ጨዋማ ውሃ ቢኖር፣ ንጹሑ በገለፈቱ አልፎ ወደ ጨዋማው ይሄዳል። ጨዋማውን በኃይል ብንጫነው ግን ጉዞው ይገለበጣል፤ ውሃው ያልፋል፣ ጨው ይቀራል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሪድና ብሬተን በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሴሉሎስ አሲቴት የተባለው ነገር ጨውን እንደሚያስቀር አሳዩ። ችግሩ የሚያልፈው ውሃ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነበር። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ከገበያ የተገኘ ገለፈት በውሃ አሙቀው ሲሞክሩት አንዴ ይሠራል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ለካስ ፊቱና ጀርባው አንድ አልነበረም! ይህን ፍንጭ ይዘው በ1960 አካባቢ ላዩ ስስና ጥብቅ፣ ሥሩ ግን ባለ ቀዳዳ የሆነ ገለፈት ሠሩ። ጨውን የሚያስቀረው ስሱ ንጣፍ ብቻ ስለሆነ የሚያልፈው ውሃ በብዙ እጥፍ ጨመረ። በ1965ም፣ ቀድሞ የመጠጥ ውሃ በባቡር ይመጣላት በነበረችው በካሊፎርኒያዋ ኮሊንጋ ከተማ፣ በዚህ ዘዴ የሚሠራ ጣቢያ ተከፈተ።

ሴሉሎስ አሲቴት ግን ተሐዋስያን ይበሉታል፤ ሙቀትም አይችልም። በ1970ዎቹ ጆን ካዶት ላዩን ከፖሊአሚድ፣ ደጋፊውን ከሌላ ነገር ሠራው። በአነስተኛ ግፊት ብዙ ውሃ ስለሚያሳልፍ ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት ይኸው ዓይነት ነው። እሱም ቢሆን ክሎሪን ያበላሸዋል፤ ቆሻሻ ይደፍነዋል።

ነገሩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ሲብስም አጥንት ይጎዳል። ገለፈቱ ይህንንም ማስቀረት ይችላል፤ ነገር ግን መብራት፣ መለዋወጫና ባለሙያ ይፈልጋል። እንግዲህ የቀረው ትልቁ ሥራ ገለፈቱን ለዚያ ጉድጓድ ባለቤት በሚቻለው ዋጋ ማድረስ ነው።