የቁማር ሱስና እምነት ማጉደል

የቁማር ሱስ ሰው ጉዳቱን እያወቀ ውርርድን መተው የሚሳነው የአእምሮ ጤና ችግር ሲሆን፣ ከገንዘብ ወንጀል ጋር በዋናነት የሚያቆራኘው የተበላን ብር በሌላ ውርርድ ለማስመለስ መሯሯጥ ነው። እንደ ላሊበላ ባለ የቅዳሜ ገበያው በሚደምቅ ከተማ የዕቁብ ገንዘብ ያዥ፣ የሰበሰበውን ብር በእግር ኳስ ውርርድ አስይዞ ሲበላና ጉድለቱን ለመሸፈን ደብተሩ ላይ «ተከፍሏል» ብሎ ሲጽፍ፣ በልቡ ብድር ያለው ነገር በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675 መሠረት በእምነት ማጉደል፣ ማለትም በአደራ የተሰጠን ንብረት ለራስ በማዋል ሊያስጠይቀው ይችላል፤ ሰውን በሐሰት አሳምኖ ገንዘቡን መውሰድ ግን በአንቀጽ 692 አታላይነት ይባላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መመሪያ ሕገ ወጥ ድርጊትን ከሱሱ መለያዎች ሰርዞ ውሸትን ግን እንደ መለያ ይዞ ቀጥሏል፤ ይህም ተገቢ ነው፣ ዕቁብተኛው ጉድለቱን ከማየቱ አስቀድሞ ውሸቱን የሚሰማው የቤት ሰው ነውና።